የመንግሥት መካከለኛ ትምህርት ቤት በማን ሚዛን ይመዘን?

የስምንተኛ ክፍል ፈተና ውጤት በተሰማ ሰሞን አዲስ አበባ ላይ የሚታየው ነገር በየዓመቱ አንድ ነው። የግል ትምህርት ቤቶች «100% አሳልፈናል» የሚል ባነር በራቸው ላይ ይሰቅላሉ። የመንግሥት ትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር ደግሞ ሪፖርቱን ይዞ ስብሰባ ይገባል፤ እንደ መቶኛው ይመሰገናል ወይም ይወቀሳል። ሰፈሩም ፍርዱን ይሰጣል። «እዚያማ ልጅ አይማርም» ይባልና አቅም ያለው ወላጅ ልጁን ይዞ ይወጣል። አቅም የሌለው ይቀራል።

ይህ ፍርድ የተዛባ ነው። ያ መቶኛ በአብዛኛው የሚናገረው ልጁ ከምን ዓይነት ቤት እንደመጣ ነው። የመግቢያ ፈተና ሰጥቶ የሚመርጥ፣ ወላጁ አስጠኚ የሚቀጥርለትን ልጅ የሚያስተምር ትምህርት ቤት ብዙ ቢያሳልፍ ምን ይገርማል? የመንግሥት ትምህርት ቤት ግን የቀን ሠራተኛውን ልጅ፣ የጉልት ነጋዴዋን ልጅ፣ ከክፍለ ሀገር ተፈናቅሎ ዘመድ ቤት የተጠጋውን ልጅ ሳይመርጥ ይቀበላል። ሁለቱን በአንድ መቶኛ ማወዳደር ከመነሻው የቀደመውን ሯጭና ከኋላ የተነሣውን እኩል ተሮጠ እንደ ማለት ነው።

ነገሩ የሚያሳዝነው ትክክለኛው ሚዛን በእጅ እያለ አለመጠቀሱ ነው። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት እርከኑን 6-2-4 አድርጎታል፤ ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ለብቻቸው «መካከለኛ ደረጃ» ተብለዋል። ከተማዋ በስድስተኛ ክፍል መጨረሻ አንድ ፈተና፣ በስምንተኛ ክፍል መጨረሻ ሌላ ፈተና ትሰጣለች። ያው ልጅ ሲገባ የት ነበር? ሲወጣስ የት ደረሰ? ሁለቱንም ከከተማው አማካይ ጋር አስተያይቶ ልዩነቱን ማስላት የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ያ ልዩነት ነው የትምህርት ቤቱ ሥራ። ቀሪው የወላጅ ኪስ ነው።

እነዚያ ሁለት ዓመታት ደግሞ ቀላል ጊዜ አይደሉም። አዲስ አበባ ውስጥ እስከ ስድስተኛ ክፍል በአፍ መፍቻ ቋንቋው የተማረ ልጅ፣ ሰባተኛ ሲገባ ሒሳቡም ሳይንሱም በእንግሊዝኛ ይመጣበታል። ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ እንግሊዝኛ ሲሰማ ያደገው ልጅ ድልድዩን ሳያየው ይሻገራል። ሌላው ግን ትናንት የሚያውቀውን ክፍልፋይ ዛሬ በማያውቀው ቃል ይጠየቃል። ዝም ይላል። ዝምታው «ሰነፍ» ያስብለዋል። አንድ የመንግሥት መካከለኛ ትምህርት ቤት በመጀመሪያ ሊጠየቅበት የሚገባው ይህን ልጅ እንዴት እንዳሻገረው ነው። በየመድረኩ የሚጠየቀው ግን ስንት አሳለፍክ ብቻ ነው።

የዚህ ቸልተኝነት ዋጋ ዘግይቶ ይመጣል። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ845 ሺህ በላይ ተማሪዎች ተፈትነው 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ1,328 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላለፈም። ያኔ አገሩ ሁሉ ስለ 12ኛ ክፍል ጮኸ። ልጆቹ ግን በአንድ ቀን አልወደቁም። ብዙዎቹ ከዓመታት በፊት ሰባተኛና ስምንተኛ ላይ ሳይገባቸው እያለፉ የመጡ ናቸው። ፈተናው ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ሲዛወር የተገለጠው በየእርከኑ ሲንከባለል የኖረው ጉድለት ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።

«ኢንስፔክሽን አለ አይደል?» የሚል ይኖራል። አለ። ትምህርት ቤቶች በግብዓት፣ በሂደትና በውጤት ተመዝነው ከደረጃ 1 እስከ ደረጃ 4 ይሰጣቸዋል። ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም። ችግሩ አተገባበሩ ላይ ነው። ምዘናው ሲቃረብ ፋይል ይደራጃል፣ ግድግዳ ይቀባል፣ ቤተ ሙከራው አቧራው ይራገፋል። መዛኙ ሲወጣ ቁልፉ ተመልሶ ይንጠለጠላል። በሰነድ ላይ ያለ ቤተ ሙከራና ልጅ ገብቶ የሠራበት ቤተ ሙከራ አንድ ነጥብ እስካገኙ ድረስ ደረጃው የሚለካው የርዕሰ መምህሩን የፋይል አያያዝ ነው።

ስብጥርስ? የመንግሥት ትምህርት ቤት ትልቁ ሀብቱ ይህ ነበር። የጉራጌው፣ የኦሮሞው፣ የአማራው፣ የትግሬው፣ የዶርዜው ልጅ፣ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ዴስክ የሚቀመጡበት ቦታ ነው። ይህ ዛሬም አለ። የጠፋው የሀብታምና የድሃ ልጅ አብሮ መቀመጥ ነው። በድሮው ጊዜ የሹሙም የዘበኛውም ልጅ አንድ ግቢ ሊማሩ ይችሉ ነበር። ዛሬ ስለ መንግሥት ትምህርት ቤት የሚወስነው ባለሥልጣን ልጁን የት እንደሚያስተምር ይጠየቅ። መልሱ ከየትኛውም የኢንስፔክሽን ሪፖርት ይበልጣል።

ስብጥር ማለት የገባውን መቁጠር ብቻም አይደለም፤ የወጣውንም መጠየቅ ነው። ፒያሳና ካዛንቺስ ሲነሱ ቤተሰቦች በትምህርት ዘመን መሀል ወደ ከተማው ዳር ሄዱ። ልጁ አንድም በሁለት ታክሲ እየተመላለሰ ቀጠለ፣ አንድም ጓደኛ በማያውቅበት ክፍል ገባ። አካል ጉዳተኛው ልጅ ተመዝግቦ ደረጃው ራምፕ ስለሌለው ፎቅ ላይ ያለው ክፍል ካልደረሰ፣ «አካቶ ትምህርት» የሚለው ቃል ለማን ነው?

የመጨረሻው፣ ማንም የማይጠይቀው፣ የተማሪው ውሎ ነው። በአዲስ አበባ የትምህርት ቤት ምገባ መጀመሩ በባዶ ሆድ የሚመጣውን ልጅ ክፍል ውስጥ አቆይቶታል፤ ይህ ሊመሰገን ይገባል። ግን ሆድ መሙላቱ ብቻውን በቂ አይደለም። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ የወር አበባዋ ሲመጣ ውሃ ያለው፣ በሩ የሚዘጋ መጸዳጃ ታገኛለች? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። አርጩሜውና ማንበርከኩስ በእርግጥ ቆሟል? ይህን የሚያውቀው ተማሪው ብቻ ነው። ተማሪውን ስሙ ሳይጻፍ በወረቀት መጠየቅ ደግሞ ገንዘብ አይፈጅም።

«ይህ ሁሉ ለሰነፍ መምህርና ለደካማ ርዕሰ መምህር መደበቂያ ነው፤ በመጨረሻ ውጤት ውጤት ነው» የሚሉ አሉ። ስጋታቸው ከንቱ አይደለም። «ልጆቻችን ድሆች ናቸው» በሚል ሰበብ ዓመቱን ሙሉ የሚተኛ ትምህርት ቤት አለ። ነገር ግን መነሻንና መድረሻን የሚያይ ሚዛን ለእሱ ይብሳል እንጂ አያመቸውም። ከአማካይ በታች ተቀብሎ ይበልጥ ዝቅ ያደረጋቸው ትምህርት ቤት ድህነትን ማመካኘት አይችልም። ጎበዝ መርጦ ጎበዝ ያወጣው የግል ትምህርት ቤትም ባነሩን ከመስቀሉ በፊት ምን እንደጨመረ ይጠየቃል። በአንፃሩ ደካማ ተቀብሎ ወደ አማካይ ያደረሰች፣ ዛሬ ግን «52 በመቶ» ተብላ የምትናቅ ትምህርት ቤት ክብሯን ታገኛለች። መምህሮቿም የለፉበት ይታያል።

ስለዚህ የከተማው ትምህርት ቢሮ ከመቶኛው ጎን ሦስት ነገር ለወላጅ ይፋ ያድርግ፦ ልጆቹ ከስድስተኛ እስከ ስምንተኛ ምን ያህል እንደተራመዱ፣ በዓመቱ መሀል ስንት ልጅ ለምን እንደወጣ፣ ተማሪዎቹ ራሳቸው ስለ ውሏቸው ምን እንዳሉ። ሦስቱም አሁን ባለው መዝገብና በአንድ ገጽ መጠይቅ ይሠራሉ። ወላጅም በመስከረም የወላጅ ስብሰባ ሲጠራ እጁን አውጥቶ «ስንት አሳለፋችሁ?» ከማለት በፊት «የእኔ ልጅ ሲገባ የት ነበር፣ አሁን የት ደረሰ?» ብሎ ይጠይቅ። መልስ የሌለው ትምህርት ቤት የግልም ይሁን የመንግሥት ያኔ ይታወቃል።