አእምሮ በአብሾ አይሳልም

የፈተና ወራት ሲቃረብ፥ ለልጃቸው የትምህርት መድኀኒት የሚፈልጉ ወላጆች አሉ። ምኞታቸውን አንነቅፍም፤ መድኀኒቱን ግን እንነቅፋለን። ለትምህርት እየተባለ የሚጠጣው አብሾ ብዙ ጊዜ የሚዘጋጀው ከአስተናግር ፍሬ ነው። በፍሬው ውስጥ ያለው ስኮፖላሚን የተባለ መርዝ ለማስታወስ የሚያገለግለውን የአንጎል መልእክት ይገታል፤ ያስቃዣል፤ ሲበዛም ይገድላል።

የልጅ አእምሮ በእርግጥ የሚሻው አዮዲን ነው፤ ይህ ከፅንስነት ጀምሮ ከጐደለ የማሰብ ኀይል ይደክማል። ስለዚህም በ2003 ዓ.ም. የምግብ ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው በደንብ ታዟል። ላልጐደለው ልጅ ግን ተጨማሪ ኪኒን ብልህነትን አይጨምርለትም።

የሐዋሳ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ነዋሪዎች ሆይ፥ አዮዲን ያለበትን ጨው ግዙ፤ ከድናችሁ አኑሩት፤ ወጡ ሊወጣ ሲል ጨምሩት። መምህራንም ይህን ለወላጆች እንዲያስረዱልን በትሕትና እናሳስባለን።