ሞተሩ ሲሞቅ የሚጠፋው ለምንድን ነው?

አንባቢ ሆይ፣ ለአንድ አፍታ የጤና ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ሁንና በጧት ከገለጉ ከተማ ተነሣ እንበል። ወሩ ሚያዝያ ነው። ከኋላህ የክትባት ሣጥን አስረሃል፤ በውስጡ ያለው መድኃኒት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ ካልቆየ ለሕፃናቱ አይረባም። የቋራ ቆላ ደግሞ በዚህ ወራት 40 ዲግሪ ቢደርስ ማንም አይገረምም። ከከተማው ግማሽ ሰዓት ያህል እንደ ራቅህ ሞተር ብስክሌትህ አንድ ሁለት ጊዜ ይንተባተብና ጸጥ ይላል። ብትረግጠው አይነሣም። ከግራር ጥላ ሥር ተቀምጠህ ላብህን ስትጠርግ ሃያ ደቂቃ ያልፋል፤ እንደገና ብትረግጠው በአንዴ ይነሣል። ደስ ብሎህ ትጓዛለህ፤ ጥቂት ኪሎ ሜትር እንደ ሄድህ አሁንም ዝም!

እንዲህ ባለ ጊዜ መንገደኛው ሁሉ መካኒክ ነው። አንዱ «ቤንዚኑ ውሃ ገብቶበታል» ይልሃል፤ ሌላው «ካርቡራተሩን ፈትተህ እጠበው» ይልሃል። ሰሊጥ የጫነ የአይሱዙ ነጂ አዝኖልህ ቢቆም እንኳ የሚያውስህ ኮይል የለውም፤ የናፍጣ ሞተር ነዳጁን የሚያቃጥለው በታመቀ አየር ግለት እንጂ በብልጭታ አይደለምና።

እኔ ግን «ሲሞቅ ይጠፋል፣ ሲቀዘቅዝ ይነሣል» ሲሉኝ አስቀድሜ የምጠረጥረው ኮይሉን ነው። ኮይል ማለት በአንድ ብረት ዙሪያ የተጠመጠሙ ሁለት የመዳብ ሽቦዎች ናቸው፤ አንዱ ወፍራምና ዙሩ ጥቂት፣ ሁለተኛው እንደ ፀጉር የቀጠነና ዙሩ በብዙ ሺህ የሚቆጠር። በአንደኛው ሽቦ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ሲጀምርና ሲቋረጥ በሁለተኛው ላይ ኤሌክትሪክ እንደሚወለድ ማይክል ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1831 አሳይቷል። በመኪና ውስጥ የባትሪው 12 ቮልት በዚህ መንገድ ከ15,000 ቮልት በላይ ይሆንና በካንዴላው ጫፍ ላይ ይፈነጥቃል። በብዙ ሞተር ብስክሌቶች የመጀመሪያው ኤሌክትሪክ የሚመጣው ከባትሪ ሳይሆን ከራሱ ከሞተሩ ማግኔት ነው፤ የኮይሉ ሥራ ግን ያው ነው።

ቀጭኑ ሽቦ እርስ በርሱ እንዳይነካካ በስስ ልባስ ተሸፍኗል። ልባሱ በዕድሜና በሙቀት ብዛት ይሰነጠቃል። ሽቦው ሲግል ስንጥቁ ይከፈትና ኤሌክትሪኩ ካንዴላው ድረስ መሄዱን ትቶ በአቋራጭ ያመልጣል፤ ሲቀዘቅዝ ስንጥቁ ይገጥማል። ጋራዥ ደርሰህ «ምንም የለበትም» የምትባለውም ስለዚህ ነው፤ እስክትደርስ ቀዝቅዟላ!

እንግዲህ ምርመራው ሞተሩ በጠፋበት ቦታና በዚያው ደቂቃ መደረግ አለበት። ካንዴላውን ፍታ፤ ከቆቡ ጋር እንደ ተያያዘ ብረቱን ከሞተሩ ብረት ጋር አስነካው። ቤንዚን የፈሰሰበት ቦታ አጠገብ እንዳይሆን፤ ከካንዴላው ቀዳዳም አርቀው፤ በባዶ እጅህም አትያዘው። ከዚያ ርገጥ። በቆላ ፀሐይ ብልጭታ አይታይምና ነጠላም ሆነ ባርኔጣ አጥልልበት። ሰማያዊና «ጠቅ» የሚል ብልጭታ ካየህ ኮይሉን ተወውና ወደ ቤንዚኑ ዙር። ብልጭታው ከቀላና ከደከመ፣ ወይም ጨርሶ ከጠፋ፣ በርካሹ ጀምር፤ አዲስ ካንዴላ፣ ቀጥሎ ቆቡና ሽቦው፣ ቀጥሎም የማጥፊያው መጫን ያለበት ሽቦ የሆነ ቦታ ተልጦ ብረት ነክቶ እንደ ሆነ። እነዚህ ሁሉ ደኅና ከሆኑ ኮይሉና ሲዲአይ የሚሉት ሣጥን ይቀራሉ።

ቴስተር ያለው ሰው ኮይሉን ሲቀዘቅዝም ሲግልም ለክቶ ከሞተሩ መጽሐፍ ጋር ያመሳክር። ይሁን እንጂ ቴስተር የሚልከው ጥቂት ቮልት ብቻ ነው፤ በሺህ ቮልት የሚያመልጠውን ስንጥቅ ላያየው ይችላል። ስለዚህ ከቴስተር ይልቅ የማምነው የባልደረባን ሞተር ነው። ዓይነቱ አንድ ከሆነ ኮይሉን ተዋውሶ መሞከር ነገሩን ይቆርጠዋል።

አራት ሲሊንደር ያላት፣ በየካንዴላው ላይ የራሱ ኮይል የተቀመጠባት አዲስ መኪና ያለህ ከሆነ ደግሞ መዋዋስም አያስፈልግህ። መመርመሪያው መሣሪያ «ፒ 0302» ቢል ሁለተኛው ሲሊንደር አልነደደም ማለት ነው። የሁለተኛውንና የሦስተኛውን ኮይል አቀያይር፤ ቁጥሩ ወደ «ፒ 0303» ከዞረ ጥፋተኛው ኮይሉ ነው። ባለበት ከቀረ ካንዴላውን ተመልከት። ሞተሩ እየተርገፈገፈ ግን ረጅም መንገድ አትንዳ፤ ያልነደደው ቤንዚን ወደ ጭስ ማውጫው ገብቶ ውድ የሆነውን የጭስ ማጣሪያ ያቃጥላል።

ኮይል ስትቀይር ሞተሩን አጥፋ፤ በመኪና ከሆነ የባትሪውን ነጋቲቭ ፍታ። ሽቦውን እየጎተትህ አታውጣ፤ ከቆቡ ይዘህ አውጣ። አዲሱ የሚታሰርበትን ብረት ከዝገትና ከቀለም ፍቀህ አጽዳ፤ ብዙ አዲስ ኮይል በዚህ ብቻ ያለ ጥፋቱ ተወንጅሏል። የዕቃው ቁጥር ከአሮጌው ጋር አንድ ይሁን፤ «ይመስላል» ብሎ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው። የካንዴላውንም ክፍተት ለካ፤ በብዙ ሞተር ብስክሌቶች ከ0.6 እስከ 0.8 ሚሊ ሜትር ነው። ክፍተቱ ከሰፋ ኮይሉ ከአቅሙ በላይ እየገፋ ይሠራል፤ አሮጌውንም የገደለው ይኸው ሊሆን ይችላል።

ከገለጉ ጎንደር ለዕቃ መመላለስ የቀናት ሥራ ነው። ስለዚህ አንድ ኮይል፣ አንድ ካንዴላና የካንዴላ ቁልፍ በላስቲክ ጠቅልለህ ከወንበሩ ሥር አኑር። ከግራሩ ሥር ስትሠራም የክትባቱን ሣጥን ከሞተሩ አውርደህ ጥላ ውስጥ አስቀምጠው፤ በረዶው ቀልጦ እንደ ሆነ ለማየት ብለህ ክዳኑን አትክፈት። የካንዴላ ቁልፉን ግን ለማንም አታውስ፤ የተዋሰው ሁሉ ይረሳል።