ዶሮው ከየት ይመጣል?

የዶሮ ጥብስ ቤቱ ኬኤፍሲ በ2003 ዓ.ም. ናይሮቢ ገብቶ ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ ላይ ሲጨምር ብዙዎች የዕድገት ምልክት አድርገው ቆጠሩት። በ2014 ዓ.ም. ግን ችፕስ አለቀበት። ኬንያ ድንች አብቃይ አገር ናት፤ ኩባንያው የሚጠብሰው ድንች ግን በመርከብ የሚመጣ ነበር። መርከቡ ሲዘገይ ችፕሱ ጠፋ። ከአገሬው ገበሬ ለመግዛት ቃል የገባው ሕዝቡ ከተቆጣ በኋላ ነው።

ወደ እኛ አገር ፒዛ ሀት የገባው ሚያዝያ 2010 ዓ.ም. በአገር በቀል ኩባንያ በኩል ነበር። ምግብ ቤት በአብዛኛው ለአገር ውስጥ ባለሀብት የተተወ ዘርፍ በመሆኑ፣ ስመ ጥር የዶሮ ጥብስ ቤቶችም ቢመጡ መግቢያቸው ይኸው የፍራንቻይዝ በር ነው። በአዲስ አበባ ያሉት የዶሮ ጥብስ ቤቶችም ቢሆኑ ወደ ክልል ከተሞች ዓይናቸውን መጣላቸው አይቀርም። ዩኒቨርሲቲና ቱሪስት ያላት አርባ ምንጭ ደግሞ ከዝርዝሩ አትጠፋም።

አርባ ምንጭ ለጥብስ አዲስ አይደለችም፤ የታወቀችው በጫሞ ሐይቅ ዓሣ ነው። ያን ዓሣ ግን ማንም አላረባውም፤ ሐይቁ ሲሰጥ እኛ ስንጠብስ ቆይተን ዛሬ ምርቱ ተመናምኗል። ዶሮ ደግሞ በመረብ አይያዝም። ጫጩት፣ ክትባትና መኖ ይፈልጋል፤ ከእርባታው ወጪ ከ60 እስከ 70 በመቶ የሚሆነውን የሚበላውም መኖ ነው።

የመንግሥት የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር በ2015 ዓ.ም. ይፋ የሆነው እዚሁ አርባ ምንጭ ላይ ነው። መርሐ ግብሩ ዶሮ ማርባትን አበረታቷል፤ አርቢው ግን አሁንም ዶሮውን ለበዓል ገበያ አድርሶ ዕድሉን ይሞክራል። ምግብ ቤት የሚፈልገው ሌላ ነው፦ በየሳምንቱ የሚደርስ፣ ክብደቱ ተመሳሳይ የሆነ ዶሮ። ያለ ውል ይህን ማቅረብ አይቻልም። ዐቢይ ጾም ሲገባ ገዢው ይቀንሳል፤ ዶሮው ግን መብላቱን አያቆምም። ውል ከሌለ የዚያ ኪሳራ ሙሉ በሙሉ በአርቢው ጫንቃ ላይ ይወድቃል።

ስለዚህ የጋሞ ዞንና የከተማው ኃላፊዎች ለእንዲህ ያለ ምግብ ቤት ቦታና ብድር ከማመቻቸታቸው በፊት የአቅርቦት ውል ይጠይቁ። ዶሮው ከተደራጁ ወጣቶች፣ ድንቹ ከጨንቻ፣ የመኖው በቆሎ ከካምባ ቆላ ይገዛ፤ ዋጋውና የጾም ወራት የኪሳራ ድርሻው በጽሑፍ ይስፈር። ዘይቱ በአብዛኛው ከውጭ የሚገባ ነው፤ ዶሮውም ድንቹም ከሌላ ቦታ ከመጡ ለጋሞ የሚተርፈው የአስተናጋጅ ደመወዝ ብቻ ነው። ቅርንጫፍ መቁጠር ቀላል ነው፤ መቆጠር ያለበት ግን ከዚያ ቤት ጋር ውል የያዘው ገበሬ ነው።