የጸና ቁጥር፣ የተገመተ ልደት

ኦስሎ ውስጥ ነዋሪ የሆነ ስደተኛ ከኖርዌይ የሕዝብ መዝገብ የሚያገኘው መለያ ቁጥር 11 አሃዞች አሉት፤ የመጀመሪያዎቹ 6 የልደት ቀን፣ የመጨረሻዎቹ 2 ደግሞ የሂሳብ ሊቁ ኤርንስት ሴልመር የቀመራቸው ማረጋገጫዎች ናቸው። ማረጋገጫው የተሳሳተ አሃዝን ይይዛል፤ የልደቱን እውነትነት ግን አይመረምርም።

ባዶ ቦታ የማይቀበል የመረጃ ቋት የልደት ቀኑን ለማያውቅ ሰው ቀን ይፈጥርለታል። በብዙ ስደተኞች መታወቂያ ላይ ጃንዋሪ 1 የሚደጋገመው በዚህ ምክንያት ነው። የከፋው፣ ግምቱ የመለያው አካል መሆኑ ነው፤ ልደት ሲታረም ቁጥሩም ይለወጣል፤ ባንክ፣ ሐኪም ቤትና አሠሪ በአሮጌው ቁጥር የያዙት መረጃ ሁሉ ይናጋል።

የመረጃ ገደብ ይነሣ የሚል የለም። መለያው ከልደት ይነጠል፤ የተገመተ ቀንም የተገመተ መሆኑ በየመዝገቡ ይጻፍ።