ብርሌው ሲለወጥ

ሰሞኑን ቃሊቲ መናኸሪያ አካባቢ ካሉት የሞባይል ቤቶች ወደ አንዱ ጎራ ብዬ ነበር። የስልኬ የቻርጀር መሰኪያ አልይዝ ብሎ ስላስቸገረኝ ላሠራው ነው። ወጣቱ ሥራውን ጨርሶ ስልኩን ከመመለሱ በፊት ገለጥ ገለጥ አደረገና፣ «ጋሼ፣ አሁንም በዚህ ብራውዘር ነው የሚጠቀሙት? አዲስ ወጥቷል እኮ፤ ልጫንልዎት?» አለኝ። «አሮጌው ምን ጎደለው?» ብዬ ጠየቅሁት። ጥቂት አሰበና ፈገግ ብሎ፣ «ኧረ ምንም! ግን አዲስ ነው» አለ።

መልሱ ቅን ነው፤ ልጁንም አልወቅሰውም። ነገር ግን ወደ አቃቂ በሚወስደኝ ታክሲ ውስጥ ተቀምጬ ሳወጣና ሳወርድ፣ የልጁ መልስ የዘመናችን ሁሉ መልስ ሆኖ ታየኝ። አዲስነት ምክንያት የሚሻ ነገር መሆኑ ቀርቶ ራሱ ምክንያት ሆኗል። በዚህ ጽሑፍ የምሟገተው እንግዲህ ለአንዲት አሮጌ ጥያቄ ነው፤ አሮጌው ምን ጎደለው?

ብራውዘር፣ አንዳንዶች «አሳሽ» እንደሚሉት፣ ድረ ገጾችን የምንመለከትበት መስኮት ነው። መስኮት ደግሞ ከውጭ ያለውን ያሳያል እንጂ ውጭውን አይፈጥርም። ይህ ቀላል እውነት ሲዘነጋ ነው መስኮት የቀየረ ሁሉ አገር የቀየረ የሚመስለው።

አዲስ ብራውዘር ከቶ አያስፈልግም ማለቴ አይደለም፤ ታሪኩም እንዲህ አይልም። እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው ሞዛይክ ሥዕልንና ጽሑፍን በአንድ ገጽ አጣምሮ በማሳየቱ፣ ኢንተርኔትን ከባለሙያዎች ክበብ አውጥቶ ለተራው ሰው አቀረበ። በ2001 የወጣው ስድስተኛው ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ገበያውን ጠቅልሎ ከያዘ በኋላ፣ ሰባተኛው እስኪመጣ 5 ዓመት ፈጅቷል። በዚህ መካከል፣ በ2004፣ ፋየርፎክስ ብቅ ብሎ የተኛውን ቀሰቀሰ። በ2006 ለዓለም የቀረበው ኦፔራ ሚኒ ደግሞ ድረ ገጹን በራሱ ሰርቨር ላይ ጨምቆና አሳንሶ ወደ ስልኩ ይልክ ስለነበር፣ ኔትዎርክ በሚቆራረጥበትና ሒሳብ በሜጋባይት በሚቆጠርበት አገር፣ በርካሽ ስልክ እንኳ ማንበብ አስቻለ። የእነዚህ አዲስነት ምክንያት ነበረው። ያቺን አሮጌ ጥያቄ ብታቀርቡላቸው መልስ አላቸው።

ለዚህ እዚሁ ሰፈራችን ምሳሌ አለ። ከአቃቂ በዱከምና በቢሾፍቱ አድርጎ ወደ አዳማ የሚወስደው አሮጌ መንገድ፣ ከጅቡቲ የሚመጣውና ወደዚያ የሚሄደው ከባድ መኪና ሁሉ የሚርመሰመስበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 ከቱሉ ዲምቱ እስከ አዳማ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው የፍጥነት መንገድ ሲከፈት፣ አሽከርካሪው ገንዘብ እየከፈለ ሄደበት። አሮጌው ምን እንደጎደለው በራሱ ጎማና በራሱ ሰዓት ያውቀዋልና። ነገር ግን ያንኑ የድሮውን አስፋልት ዳር ዳሩን ቀለም ቀብተው «አዲስ መንገድ ነው፤ ክፈል» ቢሉት ምን ይላል?

ዛሬ «አዲስ» ተብለው የሚቀርቡልን ብራውዘሮች ብዙዎቹ ዳር ዳሩን ቀለም የተቀባ አስፋልት ናቸው። ጉግል በ2008 ክሮምን ሲያወጣ ክሮሚየም የተባለውን ውስጠኛ ክፍሉን ማንም እንዲጠቀምበት ክፍት አደረገ። ኦፔራ በ2013 የራሱን ሞተር ትቶ ወደዚያው ገባ። ማይክሮሶፍትም በጥር 2020 ኤጅን በዚያው ላይ ሠርቶ አቀረበ። በ2025 ብዙ የተወራላቸው ኮሜትና አትላስም መሠረታቸው ያው ክሮሚየም ነው። እንደ ፋየርፎክስና እንደ ሳፋሪ በሌላ ሞተር የሚሠሩት ጥቂት ናቸው። ጠጁ ከአንድ ጋን እየተቀዳ ብርሌው ብቻ ይለዋወጣል፤ እኛ ደግሞ ብርሌውን እያየን ጠጅ አማረጥን እንላለን።

የእኛን የፊደላችንን ታሪክ ለሚያስታውስ ሰው ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። አማርኛ ወደ ኢንተርኔት በገባባቸው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት፣ አንድ የአማርኛ ገጽ ስንከፍት የሚቀበለን ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደል ክምር ወይም ባዶ የሳጥን ሰልፍ ነበር። እያንዳንዱ የፊደል ሶፍትዌር ሠሪ የየራሱ ቁጥር አሰጣጥ ስለነበረው፣ ገጹ የተጻፈበትን ፊደል ለብቻው አውርዶ ያልጫነ አንባቢ ባይተዋር ነበር። በዚያን ጊዜ ብራውዘር ብንቀያይር ምን እናተርፍ ነበር? መፍትሔው ከሌላ አቅጣጫ መጣ። በ1999 በወጣው የዩኒኮድ ሦስተኛ እትም የግዕዝ ፊደል ለእያንዳንዱ ሆሄ ዓለም አቀፍ ቁጥር ተሰጠው። በ2007 ለሕዝብ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ደግሞ ኒያላ የተባለውን ፊደል ይዞ መጣ። ብራውዘሮቹ ይህን መቀበል ነበረባቸው፤ ተቀበሉም። ሥራውን የሠሩት ግን ተቀምጠው ሆሄ በሆሄ የተከራከሩና የቆጠሩ ሰዎች ናቸው። ዛሬ «ሀ» በየትኛውም መስኮት «ሀ» ሆና የምትታየን በእነርሱ ድካም ነው።

የዘንድሮዎቹ አዲሶች ግን አንድ የተለየ ነገር እናደርጋለን ይላሉ። ገጹን ስለ እናንተ አንብበን፣ አሳጥረን፣ ፍሬ ነገሩን እንነግራችኋለን ነው የሚሉት። ለረጅም መመሪያና ለአሰልቺ ቅጽ ይህ ጥቅም ሊኖረው ይችላል፤ አልክድም። ለንባብ ግን እፈራለሁ። ቅኔ ያሳደገው ሕዝብ ነን። አንጥረኛ ሰሙን አቅልጦ ወርቁን ያስቀራል፤ አሳጣሪው መስኮት ግን ሰሙን አስቀርቶ ወርቁን እንዳያፈሰው እሰጋለሁ። ግጥምን በሁለት መስመር አሳጥሮ ለሰጠን መስኮት ልናመሰግነው ነው ወይስ ምን እንደወሰደብን ልንጠይቀው?

«ነፃ ነው፤ ብትሞክረው ምን ትከስራለህ?» የሚለኝ ወዳጅ አለ። ለማውረድ የሚፈጀውን ሜጋባይት እንተወው። ብራውዘር የባንካችንን የይለፍ ቃል፣ የደብዳቤያችንን ምስጢር፣ ሌሊት የፈለግነውን ነገር ሁሉ የሚያይ በር ጠባቂ ነው። የቤት ዘበኛ ስንቀጥር ተያዥ እንጠይቃለን፤ ይህን ዘበኛ ግን ልብሱ ስላማረ ብቻ ቁልፍ እናስረክበዋለን። በሌላ በኩል፣ አሮጌውን ያዙ ስል የተተወውን ያዙ ማለቴ አይደለም። ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር በሰኔ ወር 2022 በይፋ ጡረታ ወጥቷል፤ የደኅንነት ማሻሻያ በማያገኝ ብራውዘር መቆየት በሩን ሳይቀረቅሩ እንደ መተኛት ነው። ያን ጊዜ «ምን ጎደለው?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ስላለ፣ መቀየር ተገቢ ነው።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ጉጉታችን የሚባክንበት ቦታ ነው። በአማርኛው ዊኪፔዲያ የሚገኙት መጣጥፎች 15 ሺህ ገደማ ናቸው፤ የእንግሊዝኛው በ2025 ከ7 ሚሊዮን አልፏል። በየትኛውም ብራውዘር ብንከፍተው ይህ ቁጥር ያው ነው፤ አይጨምርም፣ አይቀንስም። ያ የቃሊቲ ወጣት ብሩህ ልጅ ነው፤ ከሱቁ ሆኖ በስልኩ ስለ አቃቂ ወንዝ፣ ስለ አባ ሳሙኤል ግድብ፣ በሰፈሩ ስላለፈው የድሮ ባቡር በቋንቋው ሊያነብ ቢሻ ስንት ገጽ ያገኛል? ያነሰው መስኮት አይደለም። ያነሰው በመስኮቱ የሚታየው ነው። እርሱንም የሚጨምርልን ሶፍትዌር ሠሪ ሳይሆን ቁጭ ብሎ የሚጽፍ ሰው ነው።

በዚያ ቀን «ልጫንልዎት?» ላለኝ ልጅ «ይቅርብኝ» ብዬው ወጣሁ። አሁን ሳስበው ግን መልሴ ጎዶሎ ነበር። «አንተ የምታውቀውን ጻፍልኝና በአሮጌው አነብልሃለሁ» ልለው ይገባኝ ነበር። ብርሌ መለወጥ ቀላል ነው፤ ጠጅ መጣል ግን ማርም፣ ጌሾም፣ ትዕግሥትም ይጠይቃል።