እንግዳ ለባላገር ምን ይተውለታል?

ከአምቦ በወንጪ አድርጎ ወደ ወሊሶ በሚያወጣው ተራራማ መንገድ የሚጓዝ ሰው፣ ሐይቁን ከአፋፉ ቁልቁል ሲመለከት ፈጣሪውን ሳያመሰግን አያልፍም። በጥንታዊ እሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኛው ይህ ሐይቅ፣ በደሴቱ ላይ የቅዱስ ቂርቆስን ገዳም ይዟል። በኅዳር ወር 2014 ዓ.ም. የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ከ32 አገሮች ከመረጣቸው 44 የገጠር መንደሮች አንዷ ወንጪ ሆነች፤ «ገበታ ለሀገር» በተባለውም ሥራ መንገድና ማረፊያ ተሠርቶላታል።

ይህ ደስ ያሰኛል፤ ነገር ግን የጐብኚ መብዛት ብቻውን ድኻውን አያበላም። ስንቁን ከከተማ ጭኖ መጥቶ፣ ፎቶግራፍ አንሥቶ በዕለቱ የሚመለስ ሰው ለባላገሩ የሚተውለት አቧራውን ብቻ ነው። ፈረስ የሚያከራየው፣ በጀልባ የሚያሻግረው፣ ማርና ቆጮ የምታቀርበውም እናት ከእንግዳው ዋጋቸውን ሲያገኙ ግን፣ የቤታቸው ቀለብና የልጃቸው ደብተር ይገዛል።

እኔን መምህሩን ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ የሕፃናቱ ነገር ነው። በትምህርት ሰዓት እጁን ዘርግቶ ሳንቲም ያገኘ ልጅ ነገም ከመንገዱ ዳር ይውላል፤ ሰጪውም ጽድቅ የሠራ ይመስለዋል።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፤ ጥር 15 ቀን ለቅዱስ ቂርቆስ በዓል፣ ወይም በሌላ ጊዜ ለዕረፍት ከልጆቻችሁ ጋር ወደዚያ ስትወርዱ፣ የፈረሱንና የጀልባውን ኪራይ በሚገባ ክፈሉ፤ ከመንደሩ ገዝታችሁ ብሉ፤ ምጽዋታችሁን ለገዳሙ ስጡ፤ ሕፃኑን ግን ስለ ትምህርቱ ጠይቁት። አባታችን አብርሃም እንግዳ በመቀበሉ ተባረከ፤ እኛም በእንግድነት ስንሄድ ለተቀበለን በረከት እንጂ ሸክም አንሁን።