የዘረመል ሳይንስና ሠርቶ አደሩ

የሰው ልጅ ተፈጥሮን ለፍላጎቱ ለማዋል ባካሄደው ረጅም ትግል የሕያዋንን ባሕርይ መጠቀም የጀመረው ቤተ ሙከራ ከመቆሙ ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት ነው። ጠላ የምትጠምቅና ሊጥ በእርሾ የምታቦካ እናት ዐይን የማያያቸውን ደቂቅ ሕዋሳት በሥራ ላይ ታሰማራለች። ባዮቴክኖሎጂ የሚባለው በመሠረቱ ይኸው ነው፤ አዲሱ ነገር የሥራው ጥልቀት ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 ሳይንቲስቶች ኢንሱሊን የሚያሠራውን የሰው ዘረመል በባክቴሪያ ውስጥ አስገብተው ባክቴሪያው ኢንሱሊን እንዲያመርት አደረጉ፤ በ1982 መድኃኒቱ ለገበያ ተፈቀደ። ቀድሞ ከከብትና ከአሳማ ቆሽት ይጨመቅ የነበረው መድኃኒት ያን ጊዜ ከማብላያ ጋን መቀዳት ጀመረ።

የአቃቂ ሠርቶ አደር ይህን ጉዳይ ከጥጥ በኩል ቢይዘው ይቀለዋል። ቀድሞ ኢንዶ ኢትዮጵያ ይባል በነበረው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የተነሣ አቃቂ በጥጥና በፈትል የታወቀች ናት። እ.ኤ.አ. በ2018 መንግሥት ቢቲ ጥጥ በአገራችን እንዲዘራ ፈቀደ፤ ዘሩም እንደ ፋብሪካው የመጣው ከሕንድ ነው። ቢቲ የሚባለው በአፈር ውስጥ የሚኖር ባክቴሪያ ነው። የእርሱ ዘረመል በጥጡ ውስጥ ስለ ገባ፣ ጓይ ትል ፍሬውን ሲበላ ይሞታል። ጭማቂ የሚመጡትን ተባዮች ግን አይነካም፤ ስለዚህ የመርጫ መሣሪያው ጨርሶ አይሰቀልም።

እዚህ ላይ የቡርኪና ፋሶን ታሪክ ሳያነሡ ማለፍ ስሕተት ይሆናል። በዚያች አገር ገበሬው እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ቢቲ ጥጥ በሰፊው ዘራ፤ ትሉም ቀነሰ። ነገር ግን ጥጡ ሲዳመጥ ጭረቱ አጥሮ ተገኘ። በዓለም ገበያ በረጅም ጭረቱ ይመረጥ የነበረው ጥጥ ዋጋው ወረደ፤ በ2016 አገሪቱ ዘሩን ተወችው። ትሉን የገደለው ዘረመል ሥራውን አላጓደለም፤ የተጓደለው ዘረመሉ የገባበት ዝርያ ጥራት ነበር። በመፍተያ መኪና ፊት የቆመ ወዛደር ጭረት ሲያጥር ክሩ ስንት ጊዜ እንደሚበጠስ ከማንም የበለጠ ያውቃል። የእርሱ ዕውቀት ዘር በሚመረጥበት ጠረጴዛ ላይ መቅረብ አለበት የምንለውም ለዚህ ነው።

የዘረመል አርትዖት ከዚህ የተለየ ነው። ባክቴሪያዎች የወረራቸውን ቫይረስ ቅጂ በማኅደራቸው ይይዛሉ፤ ቫይረሱ ሲመለስ ያንኑ ቅጂ መሪ አድርገው በፕሮቲን ይቆርጡታል። ኢማኑኤል ሻርፖንቲዬና ጄኒፈር ዳውድና እ.ኤ.አ. በ2012 ይህን መሣሪያ በፈለጉት ዲ.ኤን.ኤ. ላይ ማነጣጠር እንደሚቻል አሳዩ፤ በ2020 የኖቤል ሽልማት አገኙበት። ክሪስፐር የተባለው ይህ ነው። የተቆረጠውን ሕዋሱ ራሱ ይጠግናል፤ በጥገናው ላይ ጥቂት ፊደል ሲሳሳት ያ ዘረመል ሥራውን ያቆማል። ከሌላ ፍጡር የተጨመረ ዘረመል በመጨረሻው ተክል ውስጥ ላይኖር ይችላል።

ከአቃቂ እስከ ቢሾፍቱ ባለው ጥቁር አፈር ላይ የጤፍ ጠላቱ መጋሸብ ነው፤ ረጅሙ ቀጭን አገዳ በዝናብና በነፋስ ይተኛል። የቢሾፍቱ ተመራማሪዎች በማዳቀል ብዙ ሠርተዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው ቁንጮ ምስክር ነው። ጤፍን ማዳቀል ራሱ የተቻለው የጤፍ አበባ ማለዳ ለአጭር ጊዜ ብቻ እንደሚከፈት አንድ ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ በ1970ዎቹ ከደረሰበት በኋላ ነበር። በ2022 ደግሞ የአገዳውን ቁመት የሚያስረዝመው ዘረመል በክሪስፐር የቆመበት አጭር ጤፍ በሳይንስ መጽሔት ተገለጸ። ጤፍ የሁለት ቅድመ አያቶችን የዘር ክምችት አጣምሮ የያዘ በመሆኑ አራቱንም የዘረመሉን ቅጂዎች መንካት ግድ ሆኗል። በሥራው የአሜሪካ የምርምር ማዕከልና ኮርቴቫ የተባለው የዘር ኩባንያ ተሳትፈዋል።

አንዳንድ ወገኖች ይህን ሁሉ በጥቅሉ የባዕድ ሴራ ነው ብለው ይዘጉታል። ሳይንስን በመፈክር መዝጋት ምን እንዳስከተለ ግን ታሪክ መዝግቦታል። ኒኮላይ ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1927 አገራችንን ዞሮ የስንዴና የገብስ ዘር ሰበሰበ፤ ኢትዮጵያ የዓለም ሰብሎች አንዷ መፍለቂያ መሆኗንም ለዓለም አስረዳ። በአገሩ የሊሴንኮ ወገን የዘረመልን ሳይንስ የቡርዧ ሐሰት ብሎ ሲያወግዝ ቫቪሎቭ በ1940 ታሰረ፤ በ1943 በሳራቶቭ እስር ቤት ሞተ። ዘረመሉ ግን ለርዕዮተ ዓለም አልታዘዘም፤ የተጎዳው የሶቪየት እርሻ ነው።

እውነተኛው ጥያቄ የባለቤትነት ነው። አንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2005 ከኢትዮጵያ ተቋማት ጋር ስምምነት ፈርሞ የጤፍ ዘር ወሰደ፤ በ2007 በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ የአውሮፓ ፓተንት ተሰጠው። ለአገራችን የደረሰው ጥቂት ሺህ ዩሮ ብቻ ነበር። የሄግ ፍርድ ቤት በ2018 ፓተንቱ የፈጠራ ብቃት የለውም ብሎ ውድቅ ያደረገው ኩባንያው ከከሰረ ከዓመታት በኋላ ነው። በሕክምናም እንዲሁ ነው፤ በ2023 የተፈቀደው የክሪስፐር የደም ሕመም ሕክምና በአሜሪካ 2.2 ሚሊዮን ዶላር ተተምኖበታል። መሣሪያው ለሁሉም ተገኘ ማለት ለሁሉም ደረሰ ማለት አይደለም።

በእጃችን ያለው ግን ባዶ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1976 የተቋቋመው የዘር ባንክ የገበሬውን ዝርያዎች ጠብቋል፤ የደኅንነተ ሕይወት አዋጅ ቁጥር 655/2001ና ማሻሻያው 896/2007ም ወጥተዋል። የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ በዚሁ በአቃቂ ቃሊቲ፣ ቂሊንጦ ላይ ባዮቴክኖሎጂ ያስተምራል። የነዋሪዎች ማኅበራት መምህራኑን ወደ ስብሰባ አዳራሻቸው ቢጋብዙ መንገዱ ሩቅ አይደለም። ሲጋብዙም ገበሬው አጭሩን ጤፍ ከጎተራው አውጥቶ በቀጣዩ ክረምት እንደገና መዝራት ይፈቀድለት እንደሆነ፣ የዘሩንም ዋጋ ማን እንደሚወስን አስቀድመው ይጠይቁ።